ግጻዌ በስደት ምድር፦ ሰባኪው የዕለቱን ንባብ ትቶ ወዴት ይሄዳል?

ስደተኛ ሲወጣ ብዙ ነገር ጥሎ ይወጣል። ወደ ደቡብ አፍሪካ የመጣው ወገናችን ደግሞ አብዛኛው በኬንያ፣ በታንዛኒያ፣ በማላዊና በሞዛምቢክ በኩል ድንበር እያቋረጠ፣ ከፊሉን መንገድ በጭነት መኪና ከፊሉን በእግሩ የመጣ ነውና ከለበሰው ልብስ በቀር የያዘው ዕቃ እምብዛም አልነበረም። አንድ ነገር ግን የትኛውም የድንበር ጠባቂ ሳይፈትሽበት ይዞ ገብቷል። እሱም የዓመቱ አቆጣጠር ነው። ጆሃንስበርግ ውስጥ በጄፒ ጎዳና ሱቅ ከፍቶ የሚውል ሰው ግድግዳው ላይ የሰቀለው የፈረንጅ ቀን መቁጠሪያ ቢሆንም፣ ልቡ የሚቆጥረው በመስከረምና በጽጌ፣ በጥምቀትና በሁዳዴ፣ በፋሲካና በፍልሰታ ነው።

ይህን የዓመት ዙር ከቅዱስ መጽሐፍ ጋር አስተሳስሮ የያዘው የቤተ ክርስቲያን መጽሐፍ ግጻዌ ይባላል። በየዕለቱና በየእሑዱ የሚነበበውን ክፍል የሚወስነው እርሱ ነው። ስለ ግጻዌ ማውራት የካህናትና የዲያቆናት ጉዳይ ብቻ የሚመስለው አንባቢ ይኖር ይሆናል። ነገር ግን ሳምንቱን ሙሉ ከሱቅ ባንኮኒ ኋላ ቆሞ፣ በብረት ፍርግርግ ውስጥ እየሸጠ፣ ማታ በፍርሃት ቆልፎ የሚገባ ሕዝብ እሑድ ጠዋት ለግማሽ ሰዓት የሚሰማው ቃል ከየት እንደሚመጣ ማወቅ መብቱም ጥቅሙም ነው።

ለመሆኑ በስደት ምድር የሚያስተምር ሰባኪ ስብከቱን ከየት ያመጣዋል? ከሰሞኑ ወሬ? ከራሱ ብሶት? ከአገር ቤት ፖለቲካ? ወይስ ከዕለቱ ንባብ? ይህ ጸሐፊ አቋሙን ከወዲሁ ይናገራል፦ የተቀጠረውን ንባብ ይዞ የሚቆም ሰባኪ ሕዝቡንም ራሱንም ከብዙ ጥፋት ያድናል። ምክንያቱን ቀጥለን እንመልከት።

ሰባኪው ያልመረጠው ንባብ

ግጻዌ ለእያንዳንዱ ዕለት የሚያዝዘው አንድ ንባብ ብቻ አይደለም። በቅዳሴ ጊዜ ዲያቆኑ ከቅዱስ ጳውሎስ መልእክታት፣ ንፍቁ ዲያቆን ከሌሎቹ ሐዋርያት መልእክታት፣ ንፍቁ ካህን ደግሞ ከሐዋርያት ሥራ ያነብባሉ። ከዚያ ምስባኩ ይከተላል። ምስባክ ከመዝሙረ ዳዊት የተወሰደ፣ ብዙውን ጊዜ በሦስት ስንኝ የሚዜም አጭር ቃል ሲሆን ለወንጌሉ በር ከፋች ነው። በመጨረሻም ካህኑ ወንጌሉን ያነብባል። በዕለቱ ከ14ቱ ቅዳሴያት የትኛው እንደሚቀደስም ግጻዌው ያመለክታል።

እንግዲህ ስብከት የሚያዘጋጅ ሰው ሥራው የሚጀምረው ርእስ በመፍጠር ሳይሆን ግጻዌውን በመግለጥ ነው። ጥሩ ሰባኪ አራቱንም ንባቦች ከነምስባኩ ሳምንቱን ሙሉ ደጋግሞ ያነብባቸዋል። አባቶች እነዚህን ክፍሎች በአንድ ዕለት ያገናኟቸው ስለ ምን ይሆን ብሎ ይጠይቃል። ቁልፉ ብዙ ጊዜ ያለው በምስባኩ ውስጥ ነው፤ ከረጅሙ ወንጌል ውስጥ የትኛው ነጥብ የዕለቱ መልእክት እንደሆነ አጭሩ የዳዊት ቃል ይጠቁማልና። ቀጥሎ አንድምታውን ይመለከታል። የአገራችን ሊቃውንት አንዱን ቃል «አንድም» እያሉ በብዙ መንገድ የፈቱበት ይህ ትርጓሜ በአማርኛ የተሰጠ ስለሆነ፣ ሰባኪው ከግዕዙ ወደ ሕዝቡ ቋንቋ የሚሻገርበት ድልድይ ነው። ከዚያም የዕለቱን ታሪክ ከስንክሳር ያያል። በመጨረሻ የሚቀረው ጥያቄ፣ ይህ ሁሉ እዚህ ለቆመው ሰው ምን ይለዋል የሚለው ነው። ያለ ግጻዌው የሚነሳ ሰባኪ የሚጀምረው በዚህ በመጨረሻው ጥያቄ ላይ ቆሞ ነው። መልሱን አስቀድሞ ይዞ ጥቅስ ፍለጋ ይሄዳል።

ከተመደበ ንባብ ተነስቶ ማስተማር ደግሞ የእኛ ብቻ ልማድ አይደለም። በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 4 እንደተጻፈው ጌታችን በናዝሬት ምኩራብ በሰንበት ቀን ቆሞ የተሰጠውን የኢሳይያስን መጽሐፍ ገልጦ ያነበበው ክፍል ዛሬ በሰሚዎቹ ፊት መፈጸሙን ነበር የሰበከው። የሮማ ካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ከሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ በኋላ በ1969 እ.ኤ.አ. ባወጣችው ሥርዓት እሑዶቿን በሦስት ዓመት ዙር ታነብባለች። ብዙ የፕሮቴስታንት አብያተ ክርስቲያናትም በ1992 እ.ኤ.አ. የወጣውን ተመሳሳይ የሦስት ዓመት ዙር ይጠቀማሉ። የእኛ ግጻዌ ግን በየዓመቱ ወደዚያው ንባብ ይመለሳል። ስለዚህ አንድ ሰው በአገር ቤት በልጅነቱ የሰማውን የኒቆዲሞስን ወንጌል እዚህ ደግሞ በየዓመቱ በዚያው እሑድ ይሰማዋል። ንባቡ ያው ነው፤ የተለወጠው ሰሚው ነው። ለስደተኛ ሰባኪ ከዚህ የሚበልጥ ጥሬ ዕቃ ከየት ይገኛል?

የሁዳዴ እሑዶች በጄፒ

የጄፒ ጎዳና ከ2014 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በይፋ የሚጠራው በ1956ቱ የሴቶች ሰልፍ መሪዎች በአንዷ በራሂማ ሙሳ ስም ነው። የእኛ ሰው ግን ዛሬም ጄፒ ይለዋል። ቀድሞ የሐኪሞች መሥሪያ ቦታ የነበረው ሜዲካል አርትስ ሕንፃና በዙሪያው ያሉት ፎቆች ከምድር እስከ ላይ በኢትዮጵያውያን ሱቆች፣ ምግብ ቤቶችና ቡና ቤቶች የተሞሉ ናቸው። ከዚህ ዕቃ እየተጫነ ወደየሎኬሽኑ ይሄዳል። በሎኬሽን ያለው ወገናችን ደግሞ ወይ በስፓዛ ሱቅ ውስጥ ተቆልፎ ይሸጣል ወይም ብርድ ልብስና አልጋ ልብስ ተሸክሞ ቤት ለቤት በዱቤ ይዞራል። በአጭሩ፣ እሑድ ቤተ ክርስቲያን የሚቆመው ጉባኤ ገበሬ አይደለም፤ ነጋዴ ነው።

አሁን የዐቢይ ጾምን ስምንት እሑዶች በዚህ ጉባኤ ፊት እንቁጠራቸው። ዘወረደ፣ ቅድስት፣ ምኩራብ፣ መጻጉዕ፣ ደብረ ዘይት፣ ገብር ኄር፣ ኒቆዲሞስ፣ ሆሳዕና። ስሞቹን የሰጠው ቅዱስ ያሬድ እንደሆነ ይነገራል፤ እያንዳንዱ ስም ከዕለቱ መዝሙርና ንባብ የወጣ ነው።

ሦስተኛው እሑድ ምኩራብ ነው። የሚነበበው የዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 2 ሲሆን ጌታ በቤተ መቅደስ የሚነግዱትን በገመድ ጅራፍ ያስወጣበትና የገንዘብ ለዋጮችን ገበታ የገለበጠበት ታሪክ ነው። ሰባኪው እንደ ፈቃዱ ርእስ ቢመርጥ ኖሮ ይህን ወንጌል በጄፒ ነጋዴዎች ፊት የሚያነሳ ስንት ሰው ይገኝ ነበር? የቤት ኪራዩን፣ የድምፅ ማጉያውን፣ የካህኑን ደመወዝ የሚከፍለው ይኸው ነጋዴ ነው። ግጻዌው ግን ይሉኝታ አያውቅም። ምኩራብ በደረሰ ቁጥር ወንጌሉ ይነበባል፤ ሰባኪውም ከተነበበው መሸሽ አይችልም። ያን ጊዜ በስም ሳይጠራ የሚነካው ብዙ ነገር አለ። ከአገር ቤት ያስመጣውን የአክስቱን ልጅ የመንገድ ዕዳ ክፈል እያለ በሎኬሽን ሱቅ ውስጥ ለዓመታት ያለ ደመወዝ የሚያሠራ አለ። በወገኑ መሻገር ላይ የሚነግድ ደላላ አለ። ቤተ ክርስቲያኑን ራሱን የወንዝ ልጆች ማኅበር ሊያደርገው የሚፈልግም አለ። ቃሉን ያመጣው ሰባኪው ሳይሆን ቀኑ ስለሆነ የሚቀየምም ቢኖር የሚቀየመው በቀኑ ላይ ነው።

አራተኛው መጻጉዕ ነው። በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 5 ለ38 ዓመት የተኛው በሽተኛ በመጠመቂያው ዳር ይጠብቃል። ውኃው በተናወጠ ጊዜ ቀድሞ የገባ ይድናል፤ እርሱ ግን የሚያስገባው ሰው የለውም፤ ሌላው ሁልጊዜ ይቀድመዋል። ወገኖቼ፣ ይህን ለመረዳት አንድምታ የሚያስፈልገው ስደተኛ አለ? ለብዙ ዓመታት በፕሪቶሪያ ማራባስታድ በሚገኘው የስደተኞች ጽሕፈት ቤት ደጅ ሌሊት ተነስቶ የተሰለፈ ሁሉ የመጠመቂያውን ዳር ያውቀዋል። ወረቀቱ የሚታደሰው በወራት ነው። ሰልፉ ረጅም ነው፤ ሰው ያለው ይቀድማል፤ ሰው የሌለው ነገ ተመለስ ይባላል። ሰባኪው እዚህ ላይ ስለ በሽታና ስለ ፈውስ በጥቅሉ ተናግሮ ቢያልፍ ንባቡን አባክኖታል። በሽተኛው ተጠይቆ የመለሰው ስለ ሕመሙ አይደለም፤ ሰው የለኝም ነው ያለው። ስለዚህ የዚህ እሑድ ስብከት ወደ አንድ የተግባር ጥያቄ መድረስ አለበት፦ በዚህ ጉባኤ ውስጥ እንግሊዝኛ የሚችል፣ መኪና ያለው፣ ቅጽ መሙላት የሚያውቅ ማን ነው? ነገ ጠዋት ከማን ጋር ይሄዳል?

አምስተኛው ደብረ ዘይት የጾሙ እኩሌታ ሲሆን ንባቡ የማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 24 ነው፤ ስለ ዓለም ፍጻሜ። ሰባኪ ከሁሉ የበለጠ የሚፈተነው እዚህ ነው። የሰሞኑን ጦርነት፣ የሰሞኑን መሪ፣ የሰሞኑን ወረርሽኝ እየጠራ ይህ ነው ምልክቱ ማለት ቀላል ነው፤ ጭብጨባም ያስገኛል። ንባቡ ግን የሚጀምረው እንዳትስቱ በሚል ማስጠንቀቂያ መሆኑን ልብ ያለ ሰባኪ ምላሱን ይሰበስባል።

ስድስተኛው ገብር ኄር የመክሊቱ ምሳሌ ነው። ይህን ነጋዴው ይወደዋል፤ ያተረፈው ተመስግኗልና። እዚህም ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ሰነፉ አገልጋይ ገንዘቡን የቀበረው ስለ ፈራ እንደሆነ ወንጌሉ ይናገራል። ከቀን 15 ሰዓት ቆሞ ሠርቶ ከሱቁና ከሐዋላ በቀር ሌላ ሕይወት የሌለው ወጣት ራሱን እንደ መክሊት በመሬት ውስጥ ቀብሯል ወይስ አትርፏል? ሰባተኛው ደግሞ ኒቆዲሞስ ነው፤ በሌሊት ወደ ጌታ የመጣው መምህር። ቀን ሱቅ መዝጋት ለማይችል፣ ከመሸ በኋላ ብቻ ነፍሱን ለሚያገኝ ሕዝብ ከዚህ የቀረበ ቅዱስ ከየት ይመጣል?

ክረምቱ ሲገለበጥ

በዚህ አገር ግጻዌውን ይዞ የሚያስተምር ሰው አንድ ያልታሰበ ችግር ይገጥመዋል። የቤተ ክርስቲያናችን ዓመት የተሠራው በኢትዮጵያ ሰማይ ሥር ነው። ከሰኔ 26 ቀን ጀምሮ ዘመነ ክረምት ይገባል። ምስባኩ ሰማይን በደመና ስለሚሸፍነው፣ ለምድር ዝናምን ስለሚያዘጋጀው አምላክ ይዘምራል። ንባቡ ዘርን፣ ደመናን፣ መብረቅን፣ ወንዞችን እየተከተለ እስከ ጳጉሜ ይዘልቃል። በዚያ ሰሞን ጆሃንስበርግ ምን ትመስላለች? ሰማዩ ጥርት ያለ ሰማያዊ ነው፤ ጠብታ የለም። ሣሩ ደርቆ ቡናማ ሆኗል፤ ሌሊቱ ውርጭ ነው። እዚህ ዝናሙ የሚመጣው ከጥቅምት ወዲህ ባለው የበጋ ወራት ነው። የብርሃን እሑድ ደግሞ ከታኅሣሥ 14 እስከ 20 ባለው ጊዜ ይውላል። በአገር ቤት ቀኑ ከሚያጥርበት ሰሞን ጋር ይገጥማል፤ እዚህ ግን ቀኑ ከዓመቱ ሁሉ የሚረዝምበት ጊዜ ነው።

ታዲያ ሰባኪው ምን ያድርግ? አንዳንዱ ወቅቱን ዘልሎ በጥቅል ያስተምራል። ሌላው አገር ቤት የቆመ ይመስል ስለ ጭቃው ይናገራል፤ እዚህ የተወለዱት ልጆች ግን ክረምት ሲባል የሚያውቁት ደረቅ ብርድ ነው። ሁለቱም ዕድሉን አሳልፈውታል። በደረቅ ሰማይ ሥር ስለ ዝናም መዘመር ራሱ ስብከት ነው። ሰው የሌለውን እየለመነ፣ ሌላው በዚያች ሰዓት በአገር ቤት የሚያገኘውን እያመሰገነ ይቆማል። እናቱ የምታርሰውን ማሳ በጸሎት ይጎበኛል። ለልጆቹም ቤተ ክርስቲያን ከአየሩ ጠባይ ጋር ሳይሆን ከተስፋው ጋር እንደምትሄድ ማሳያ ነው።

አንዱ ወቅት ግን ሳይገለበጥ ይገጥማል። መስከረም በዚህም አገር የጸደይ መግቢያ ነው። ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ያሉት 40 ቀናት ዘመነ ጽጌ ናቸው፤ የአበባ ዘመን። በእነዚሁ ሳምንታት የጆሃንስበርግና የፕሪቶሪያ መንገዶች በጃካራንዳ አበባ ሐምራዊ ይሆናሉ። አባ ጽጌ ድንግል የደረሱት ማኅሌተ ጽጌ እመቤታችንን በአበባ፣ ልጇን በፍሬ እየመሰለ የሚያወድሰው በዚህ ወቅት ነው። ዘመነ ጽጌ ከሁሉ በላይ የሚያስበው ደግሞ ስደትን ነው፤ እመቤታችን ሕፃኑን ታቅፋ ከሄሮድስ ሸሽታ ወደ ግብፅ መውረዷን። በማግሥቱ ኅዳር 6 የደብረ ቁስቋም በዓል ይከበራል።

አባቶቻችን የአበባን ወቅትና የስደትን መታሰቢያ በአንድ ላይ ማድረጋቸው እዚህ ላለ ሰባኪ የተዘጋጀ ስጦታ ነው። ጃካራንዳ ራሷ መጤ ዛፍ ናት፤ ከደቡብ አሜሪካ የመጣች። ከተሞቹ በእርሷ ይኮራሉ፤ ቱሪስት ይጠሩባታል። በሕግ ግን ከወራሪ ባዕድ ዕፅዋት ዝርዝር ተመዝግባለች፤ አዲስ ችግኝ መትከልም ክልክል ነው። የቆመችው ትቁም፣ ሌላ አትምጣ ማለት ነው። የስደተኛ ወረቀት የያዘ ሰው ይህን ሲሰማ ፈገግ ይላል። ሰባኪው ከዚያ ፈገግታ ተነስቶ ወደ ግብፅ መንገድ ቢወስደው ስንቅ ሳያጣ ይደርሳል።

ሚያዝያ 2007

እስካሁን ያልነው ሁሉ የሚፈተነው ግን በክፉ ቀን ነው። በግንቦት 2000 ዓ.ም. መጀመሪያ በአሌክሳንድራ የተነሳው በውጭ አገር ሰዎች ላይ ያነጣጠረ ጥቃት ወደ ሌሎች ከተሞች ተዛምቶ 62 ሰዎች ሞተዋል። በነሐሴ 2011 መጨረሻና በጳጉሜም በጆሃንስበርግ ሱቆች ተዘርፈዋል፤ ተቃጥለዋል። ከሁሉም ግን ከቤተ ክርስቲያን ዓመት ጋር እጅግ በሚያስደነግጥ ሁኔታ የገጠመው የሚያዝያ 2007ቱ ነው።

በዚያ ዓመት ስቅለት ሚያዝያ 2 ቀን ዋለ። በዚያች ዓርብ በደርባን ኡምላዚ ሁለት ኢትዮጵያውያን ወንድማማቾች ከኮንቴይነር በተሠራ ሱቃቸው ውስጥ ሳሉ እሳት ተለቀቀባቸው፤ አንዱ በሆስፒታል ሞተ። ፋሲካ ሚያዝያ 4 ነበር። በተከተለው ሳምንት ፍርሃቱ ጆሃንስበርግ ደረሰ፤ ብዙ የወገኖቻችን ሱቆች ተዘጉ። የሚቀጥለው እሑድ ሚያዝያ 11 ዳግም ትንሣኤ ነበር። በዚያው ዕለት ደግሞ በሊቢያ ወደ 30 የሚጠጉ ኢትዮጵያውያን ክርስቲያኖች መታረዳቸውንና መረሸናቸውን የሚያሳየው ምስል ለዓለም ተሰራጨ።

አሁን ግጻዌውን እንግለጥ። የዳግም ትንሣኤ ወንጌል ዮሐንስ ምዕራፍ 20 ከቁጥር 19 ጀምሮ ያለው ነው። ደቀ መዛሙርቱ ከፍርሃት የተነሳ በሩን ዘግተው ተቀምጠዋል። ጌታ በመካከላቸው ቆሞ ሰላምን ይሰጣቸዋል፤ የቆሰሉ እጆቹንና ጎኑን ያሳያቸዋል።

ይህን ንባብ ለዚያ እሑድ የመረጠ ሰው የለም። ከዘመናት በፊት ተመድቦ የቆየ ነው። ነገር ግን በሩን ቆልፎ ለመጣ ሕዝብ የተቆለፈ በር ወንጌል ተነበበለት። በዚህ ቀን ሌላ ርእስ ፍለጋ የሚሄድ ሰባኪ በእውነት ምን ፈልጎ ነው?

ንባቡን በጥንቃቄ የሚያይ ሰው በውስጡ ቢያንስ አራት ነገር ያገኛል። አንደኛ፣ ጌታ በሩን በመዝጋታቸው አልነቀፋቸውም። ስለዚህ ሰባኪው የፈራውን ሕዝብ እምነት ጎደለህ ብሎ ማሳፈር የለበትም፤ ቆልፉ፣ ተጠንቀቁ ማለት ይችላል። ሁለተኛ፣ ከስምንት ቀን በኋላ ቶማስ ባለበት ሲመጣም በሩ ገና የተዘጋ ነበር። ትንሣኤውን አይተውም ፍርሃቱ በአንድ ሳምንት አልለቀቃቸውም። ከሐዘን ቶሎ ውጡ የሚል ስብከት እንግዲህ ከዚህ ንባብ አይወጣም። ሦስተኛ፣ የተነሳው ጌታ ቁስሉን አልደበቀም። የወገኖቻችን ሞት በትንሣኤ ሰሞን ይነገር ወይስ አይነገር ለሚል ሰው መልሱ ይኸው ነው፤ ቁስሉ በበዓሉ መካከል ታይቷል። አራተኛ፣ ቁስሉን ያሳየው የወጉትን ለመክሰስ ወይም ደቀ መዛሙርቱን ለበቀል ለማስነሳት አይደለም፤ በፊትም በኋላም ያለው ቃል ሰላም ነው። ከዚያም ወደ ውጭ ላካቸው። የተላኩት በሩን ወደ ፈሩበት ወደዚያው ከተማ ነው።

በተዘጋ ሱቅና በደም ዜና መካከል የቆመ ሰባኪ ይህን ሁሉ ከራሱ አፍልቆ ሊናገር ቢሞክር ወይ ቁጣው ይበልጠው ነበር ወይ ፍርሃቱ። በቁጣ የሚሰብክ በማግሥቱ ወደ ሎኬሽን የሚመለስ ወጣትን ከጎረቤቱ ጋር ያጋጨዋል። በፍርሃት የሚሰብክ ደግሞ ምንም እንዳልሆነ አድርጎ ያልፋል፤ ሕዝቡም ቤተ ክርስቲያን የእኔን ኑሮ አታውቅም ብሎ ይሄዳል። ንባቡ ግን ከሁለቱም ይጠብቀዋል።

ኢትዮጵያ የሚለው ስም ቀድሞን መጥቷል

ጎረቤትን ማሰብ ካልቀረ አንድ ታሪክ እዚህ ላይ ይነሳ። እኛ ወደዚህ አገር ከመምጣታችን መቶ ዓመት በፊት ኢትዮጵያ የሚለው ስም በስብከት በኩል ገብቶ ነበር። ማንጌና ሞኮኔ የተባሉ የሜቶዲስት አገልጋይ በቤተ ክርስቲያን ውስጥ የነበረውን የዘር መድልዎ ተቃውመው በ1892 እ.ኤ.አ. በፕሪቶሪያ የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን የሚባለውን መሠረቱ። የመጀመሪያው ጉባኤያቸው መነሻም ማራባስታድ ነበር። ስሙን የወሰዱት ከመዝሙረ ዳዊት ነው፤ ኢትዮጵያ እጆቿን ወደ አምላክ እንደምትዘረጋ ከሚናገረው ቃል። ለእነርሱ ኢትዮጵያ ማለት የጥቁር ሕዝብ ሁሉ ተስፋ ነበረች።

ያችው ማራባስታድ ዛሬ በእኛ ዘንድ የምትታወቀው በስደተኞች ሰልፍ ነው። አንዲት የዳዊት ቃል ይህን አገር ሕዝብ ወደ ኢትዮጵያ እንዲያይ ካደረገች፣ ያንኑ ዳዊት በየእሑዱ በምስባክ የምናዜም እኛ ለጎረቤታችን የምንነግረው የለንም ማለት ያሳፍራል። በዘርፍ የሚጠራንም ይኑር እንጂ፣ አያቱ ምናልባት በስማችን ሲጸልይ ያደገ ነው።

ሲኖዶስ ተከፍሎ ግጻዌ አልተከፈለም

የስደቱን ዓለም የሚያውቅ አንባቢ አንድ ነገር ልብ ይበል። ከ1984 ዓ.ም. ጀምሮ እስከ ሐምሌ 2010ሩ ዕርቅ ድረስ ቤተ ክርስቲያናችን የአገር ቤትና የስደት ሲኖዶስ ተብላ ለ26 ዓመታት ተከፍላ ኖራለች። በየከተማው የዚህ ወገን፣ የዚያ ወገን፣ ገለልተኛ የሚባሉ አጥቢያዎች ነበሩ። በአንድ ከተማ ያሉ ወንድማማቾች በተለያየ ደጅ ገቡ፤ የአንዱ ሠርግ ለሌላው ባዕድ ሆነ። በዚያ ሁሉ ዘመን ግን ምኩራብ በደረሰ እሑድ ሦስቱም ደጅ ያነበበው አንዱን ወንጌል ነው። በጳጳስ ስም ያልተስማማ ሕዝብ በዕለቱ ንባብ ተስማምቶ ኖሯል። ሰባኪዎቹ ከንባቡ ሳይወጡ አስተምረው ቢሆን ኖሮ መንገዱ ባልረዘመም ነበር እንላለን። ከዚያ ወዲህ ለመጡት አዳዲስ መለያየቶችም ምክሩ ያው ነው።

በዚህ ከተማ ያለው ወገናችን ሁሉ ኦርቶዶክስ እንዳልሆነ እናውቃለን። ከሐድያና ከከምባታ የመጣው ወንድማችን አብዛኛው የፕሮቴስታንት አማኝ ነው፤ የሐድያ ዋና ከተማ ራሷ ስሟ ሆሳዕና ነው። በብዙዎቹ ጉባኤዎች ሰባኪው ጥቅሱን በጸሎት ይመርጣል እንጂ የተመደበ ንባብ የለውም። ይህ የራሱ ነፃነት አለው፤ በመከራ ቀን ወዲያው ወደሚያስፈልገው ቃል ለመሄድ ይመቻል። ነገር ግን የሚወደውን ምዕራፍ ዓመቱን ሙሉ እየደጋገመ ሌላውን የሚዘነጋ አገልጋይ እዚያም አለ፤ ስለ ብልጽግና 20 ጊዜ ሰብኮ ስለ ሠራተኛ ደመወዝ አንድ ጊዜ ያልተናገረም አይጠፋም። መጽሐፉን በተራ ማንበብን የሚወድ ጉባኤ ይህን ክፍተት ይዘጋል።

ለሰባኪያንና ለሰሚዎች

በዚህ አገር የሚያገለግሉ ብዙዎቹ መምህራንና ዲያቆናት ከሰኞ እስከ ቅዳሜ እንደማንኛውም ሰው ሱቅ የሚውሉ መሆናቸውን እንረዳለን። ቅዳሜ ማታ ዘግተው፣ ሒሳብ አድርገው፣ ደክመው ግጻዌውን የሚገልጡ ናቸው። ስለዚህ ምክራችን ቀላል ነው። ንባቡን ሰኞ ዕለት ይያዙት። ከባንኮኒው ኋላ ቆመው ሳምንቱን ሁሉ ይሸከሙት፤ የሚገባ የሚወጣው ደንበኛ ራሱ ይተረጉምላችኋል። አራቱንም ንባብ ሳያነቡ ርእስ አይስጡ። አማርኛችሁም ቀላል ይሁን። ከጉባኤው ብዙው አማርኛን ሁለተኛ ቋንቋ አድርጎ የተማረ ነው፤ ልጆቹም ከዙሉና ከእንግሊዝኛ ጋር ቀላቅለው ነው የሚሰሙት። ግዕዙን ጠቅሶ ሳይፈቱ ማለፍ ለሰባኪው ክብር እንጂ ለሰሚው ስንቅ አይሆንም። ሰዓቱንም አሳጥሩት፤ ከ20 ደቂቃ በላይ የሚወስድ ስብከት ብዙውን ጊዜ ከንባቡ የወጣ ነው።

ሰሚው ደግሞ ዝም ብሎ የሚቀበል ብቻ አይሁን። ዛሬ የተነበበው ምንድን ነው ብሎ የሚጠይቅ ምእመን ሰባኪውን ያበረታል፤ ከስሕተትም ይጠብቀዋል። አባት ወይም እናት የሆናችሁ ቅዳሜ ማታ የነገውን ወንጌል ለልጆቻችሁ በምታውቁት ቋንቋ አንብቡላቸው። ሱቅ መዝጋት የማትችሉም በስልካችሁ ላይ አንብቡት፤ ቶማስም በመጀመሪያው እሑድ አልነበረም፤ በሁለተኛው ግን ተጠብቆለታል።

እዚህ የሚመጣውን ክፉ ቀን ማንም አስቀድሞ አያውቅም። ሱቅ የሚዘጋበት ሳምንት ዳግመኛ ቢመጣ ሰባኪው በዚያች እሑድ የሚያነብበው ቃል ከአሁኑ ተጽፎ ተቀምጧል። ዛሬ ገልጦ ያላጠናው ግን በዚያን ቀን ሊያስተምርበት አይችልም።